የዝዋይ ወይን ጠጅ

የዝዋይ ወይን ጠጅ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በስምጥ ሸለቆ፣ ባቱ ተብላ በምትጠራው ዝዋይ አካባቢ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ካለማው እርሻ የሚመረት ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አሸዋማው አፈር ውኃ ስለማያቋጥር፣ ሥሩ ውኃ ሲተኛበት ለሚታመመው ወይን ይስማማዋል፤ ሲራ፣ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ከተባሉት የወይን ዝርያዎች ቀዩ፣ ከሻርዶኔ ነጩ ይጠመቃል። ተክሉን የሚያስተኛ ብርቱ ብርድ ስለሌለ፣ የፍሬውን ወቅት በአመዛኙ የሚወስነው የቅርንጫፍ መከርከሚያው ጊዜ ነው፤ ማሳውም ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገቡበት በሰፊ ቦይ ታጥሯል፤ ይህ በፈረንሳይ የቦርዶ ወይን ገበሬ የማያውቀው ሥጋት ነው። ቦርዶ እ.ኤ.አ. በ1855 በውስጡ ያለውን የሜዶክን ቀይ ወይኖች በአምስት እርከን ቢመድብም፣ በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ምደባ ስላልተዘረጋ፣ የዝዋይ ወይን ጠጅ የሚሸጥባቸው «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የንግድ ስሞች ብቻ ናቸው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ ፋብሪካ ያለው የአዋሽ ወይን ጠጅ ኩባንያ ምርት «ጉደር»ም የቦታ ስም ቢይዝ፣ በሕግ የተከለለ የአፈር ደረጃን አያመለክትም።