ከዋናው ቤት ጀርባ

አሮጌ የጓሮ ቤት የሚፈርሰው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ይነሳል፣ ቀጥሎ ወራጁ፣ ከዚያ ማገሩና ቋሚው፣ በመጨረሻ መሬቱ ይቆፈራል። እኔ አናጺ ነኝ። ዛሬ ዛሬ አብዛኛው ሥራዬ በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ የቆሙትን የጭቃ ቤቶች አንስቶ በብሎኬት መተካት ሆኗል። ባለቤቶቹ ሲጠሩኝ «ያቺን ነገር አንሳልን» ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ስም እንኳ አይሰጧትም። ያቺ ነገር ግን ማድ ቤት ነበረች፤ ማገዶ፣ ከሰልና ጤፍ ተቀምጦባታል፣ የበዓል በግ ታስሮባታል፣ የቤት ሠራተኛ አድሮባታል፣ ኋላም ተከራይ ልጆቹን አሳድጎባታል። ከተማዋ የኖረችው በእነዚህ ቤቶች ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። እየፈረሱ ያሉት ደግሞ በፍጥነት ስለሆነ፣ በእጄ ያለፈውን መናገር አለብኝ።

ምግብ የሚበስልበትንና ዕቃ የሚቀመጥበትን ከመኖሪያው ለይቶ መሥራት የድሃ ብልሃት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ጀምሮ እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱ እያንዳንዱ ለየብቻው ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ሠራተኛና የራሱ አለቃ ነበረው። መኳንንቱም በተሰጣቸው ሰፈር ይህንኑ በልካቸው ደገሙት። ከዚያ በታች ያለው ሰው ደግሞ ያን ሁሉ ክፍል በአንዲት የጓሮ ቤት ውስጥ አጨቀው። የገጠር ልማዱም አብሮት ገባ። ገጠር ውስጥ ጎተራ ከድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ የሚሠራው እርጥበትና አይጥ እንዳይደርስበት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አናጺም በየጓሮ ቤቱ ውስጥ ቆጥ ሳይሠሩ አይወጡም ነበር። ጤፍ በጥር በኩንታል የሚገዛ ቤተሰብ፣ እህሉን መሬት ላይ እንዲያኖር አይፈቅዱለትም።

የቤቷን ዕድሜ የምለየው በእንጨቷ ነው። በአራዳና በጉለሌ አሮጌ ግቢዎች አንዳንዴ ከጓሮ ቤት ግድግዳ ውስጥ የጽድ ቋሚ ይወጣል። ቀይ ልቡ እስከ ዛሬ ይሸታል፤ ምስጥ አይደፍረውም። እንዲህ ያለ እንጨት ለጓሮ ቤት ተብሎ የተቆረጠ አይመስለኝም፤ ቀድሞ የቆመ ትልቅ ቤት ሲፈርስ ወደ ኋላ የተዛወረ ነው። ምክንያቱም ጽዱ ቶሎ አለቀ። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ደን ለቤትና ለማገዶ ተጨፍጭፎ፣ እንጨት ከሩቅ የሚመጣ ነገር ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አሰቡ፤ ግንባታም ተጀመረ። በመጨረሻ ግን አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና ቀረች፤ አዲስ ዓለም የተሠራው ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ካስቀሯት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራሊያ ዘር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለአጥር፣ ቆይቶ ለቋሚ ይደርሳል። ብዙ ሰው ዛሬ ባሕር ዛፍን ውኃ ጠጪ ነው፣ መሬት ያደርቃል እያለ ይወቅሰዋል፤ ወቀሳው እውነት አለው። እኔ ግን በእጄ የነቀልኳቸውን ቋሚዎች ሳስብ ያለ እሱ ይህች ከተማ ጣሪያ አይኖራትም ነበር እላለሁ። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ወራጁ ባሕር ዛፍ፣ እንጀራው የሚጋገርበት ቅጠል ባሕር ዛፍ፤ ያን ቅጠልና ጭራሮ ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ሴቶች ደግሞ የዚህ ታሪክ ባለቤቶች ናቸው።

ስለ ግድግዳው ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ጭቃ ቤት ሲባል ያለ ሙያ የተለጠፈ አፈር ይመስለዋልና። ቋሚው ከመተከሉ በፊት መሬት የሚገባው ጫፉ በእሳት ይለበለባል፣ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ማገሩ ከውስጥና ከውጭ በሚስማር ይመታል፤ በጣም አሮጌ በሆኑት ላይ በልጥ የታሰረም አግኝቻለሁ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር እየተረገጠ ይቦካል፣ ቀናት ያድራል፣ እንደገና ይረገጣል፤ ጭዱ ካልላላ ግድግዳው ክፉኛ ይሰነጠቃል። ከዚያ ይመረጋል። ምርጊቱ ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ለዚህ ነው የሚጠበቀው። ስንጥቁን የሚሞላው ቀጭኑ ልስን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቸኮለ ሰው ሁለቱን ባንድ ሳምንት ሊጨርስ ይሞክራል፤ ቤቱ በመጀመሪያው ክረምት ልስኑን ይጥላል። በደንብ የተሠራ የጭቃ ግድግዳ ግን ጣሪያው ካላፈሰሰና ከሥሩ ውኃ ካልነካው የልጅ ልጅ ያያል። ከዋናው ቤት ቀድማ የምትፈርሰው የጓሮ ቤት ጭቃዋ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የግቢው ውኃ ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚወርድባት ነው።

ጢስም የራሱ ሥራ አለው። አንዲት የጓሮ ቤት በሁለት ክፍል ተከፍላ፣ አንዱ ማድ ቤት ሌላው ዕቃ ቤት ከሆነ፣ የዕቃ ቤቱ ወራጅ በነቀዝ ተበልቶ በእጅ ሲፈረፈር፣ ከምድጃው በላይ ያለው ግን ጥቀርሻ ለብሶ እንደ ብረት ጠንክሮ አገኘዋለሁ። ነፍሳት ጢስ አይወዱም። ያው ጢስ የሴቶቹን ዓይንና ሳንባ በልቷል፤ እንጨቱን ሳደንቅ ይህንን አልረሳም።

ጣሪያው መጀመሪያ ሣር ነበር። ቆርቆሮ ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ወደ ተራው ሰው የወረደው በዝግታ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ከባድ ዕቃ ማምጣት ቀለለ። አዲሱ ቆርቆሮ ዋናው ቤት ላይ ይመታል፤ ከዋናው ቤት የወረደው አሮጌው ወደ ጓሮ ይሄዳል። ስለዚህ በጓሮ ቤት ቆርቆሮ ላይ ሁለት ዓይነት የሚስማር ቀዳዳ ይታያል፣ የመጀመሪያው ቤትና የሁለተኛው። ቀዳዳው በዝቶ ሲያፈስ ተዘርግቶ የተቀጠቀጠ በርሜል ይደረብበታል። ዛሬ ሳወርደው የሚወስደው ቆራሌው ነው፤ ከዚያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና ተቆርጦ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል።

አንዳንዴ በልስኑ ላይ በዱቄት ሙጫ የተለጠፉ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጾች ይወጣሉ። ነፋስ እንዳይገባና ግድግዳው እንዳያራግፍ ነው። ጋዜጣ የተለጠፈባት የጓሮ ቤት ሰው ኖሮባታል ማለት ነው፤ ለማገዶ ቤት ማንም ጋዜጣ አይለጥፍም።

ሰው እንዲኖርባት ያደረጋትን ነገር ሳስብ አንድ ቀን አልፌ መሄድ አልችልም፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተፈቀደ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጡት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት። ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘትም ለግለሰብ ተከለከለ። በብዙ ግቢ ውስጥ ከፊት ባለቤቱ፣ ከኋላ የቀበሌ ተከራይ አንድ በር፣ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ተጋርተው መኖር ጀመሩ። የከተማው ሰው እየጨመረ ሄደ፣ ቤት ግን እንደዚያው አልጨመረም። ያኔ ማገዶው ወደ ውጭ ወጣ፣ በጉ ወደ አጥሩ ጥግ ተጠጋ፣ ማድ ቤቷ መኝታ ሆነች። ዘመድ ይሁን ደባል፣ ከገጠር የመጣ ተማሪ ይሁን አዲስ ሙሽራ፣ ኑሮውን የጀመረው እዚያ ነው። እንዲህ ያለችውን ቤት «ሰርቪስ» ብለን ስንጠራት አገልጋይዋን ብቻ የምናስብ ከሆነ ብዙ ሰው እንበድላለን። ከሰርቪስ ቤት ወጥተው ሐኪምም መምህርም የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ ቤቷን ስናፈርስ መጥተው ግድግዳውን በእጃቸው የዳሰሱ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉም ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ሲሚንቶና ብሎኬት ተስፋፋ፤ የላሜራ በር የጣውላውን ተካ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራን ወደ ዋናው ቤት አስገባው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ጓሮ የሚባል ነገር ቀረ፤ ነዋሪው ግን በግ ማረድና እንጀራ መጋገር ስላልተወ በየሳይቱ ለዚሁ የሚሆን የጋራ ቤት ከሕንፃዎቹ መሃል ተሠራ። መሐንዲሶቹ ያን ሲያስቡ የጓሮ ቤትን ሥራ ተረድተውታል ብዬ አመሰግናቸዋለሁ። የግል ግቢ ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይህን ይረሳና አራት የብሎኬት ግድግዳ በላዩ ቆርቆሮ አድርግልኝ ይለኛል፤ መስኮት የላት፣ ጢስ መውጫ የላት፣ ቆጥ የላት። እንዲህ ያለውን ሥራ ሳልከራከር አልቀበልም። ወለሉ ከግቢው ቢያንስ አንድ ብሎኬት ከፍ ይበል፣ ውኃው በቦይ ዞሮ ይውጣ፣ ከጣሪያው ሥር ነፋስ ማስገቢያ ይተው እላለሁ።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ የአንዲት እናት ነው፤ የወረዳውን ፈቃድ ይዘው ጠሩኝ። አሮጌዋን ስናነሳ ከመሬቱ የእጅ ወፍጮ ከነመጁ ወጣ። «እማማ፣ ይህ ይጣል?» ብላቸው ተቆጡኝ፤ እናታቸው የፈጩበት ነው። ለአዲሲቱ ቤት 3 በ4 ሜትር ተስማምተናል። በአንድ በኩል የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይቀመጣል፣ በሌላው ጥግ ለበዓል ዶሮ ወጥ የእንጨት ምድጃ ይኖራል፣ ከበላዩም ሁለት የግሪል ብሎኬት ለጢሱ። ከአሮጌው ግድግዳ የወጡትን የጽድ ቋሚዎች አልሸጥናቸውም፤ ቆጡን የሚሸከሙት እነሱ ይሆናሉ። ወፍጮው በሩ አጠገብ መቀመጫ ይሁን ብለዋል። ከፋሲካ በፊት እንዳስረክባቸው ቃል ገብቻለሁ፤ ነገ ልስን እንጀምራለን።