በባሕሩ በኩል ወደ ሐዋርያው ያዕቆብ

ከኢሩን እስከ ሳንቲያጎ 820 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ቢጫውን ቀስት ተከትሎ ያለ መሪ ይኬዳል፤ ሻንጣውንም መኪና ያደርሰዋል (ተሳላሚ ነው ቱሪስት? እናንተው ፍረዱ)። በ9ኛው መቶ ዓመት የሐዋርያው መቃብር ተገኘ ሲባል ግን ሰውን ወደ ሰሜኑ ዳርቻ የወሰደው የባሕሩ ውበት አልነበረም። ከተራሮቹ በስተ ደቡብ ያለው አገር የኮርዶባ ጦር የሚመላለስበት ስለነበር፣ ተሳላሚው በተራራውና በባሕሩ መካከል ተጠግቶ ያልፍ ነበር። በ11ኛው መቶ ዓመት ድንበሩ ወደ ደቡብ ሲገፋ የናቫራው ሳንቾ 3ኛና የካስቲሉ አልፎንሶ 6ኛ የሜዳውን መንገድ አደላደሉ፤ ሕዝቡም ወደዚያው ጎረፈ። እንግዲህ የባሕሩን መንገድ «አማራጭ» የሚሉት አስጎብኚዎች ነገሩን ገልብጠውታል። ዩኔስኮም ቢሆን የሜዳውን በ1993 እ.ኤ.አ. መዝግቦ፣ የሰሜኑን የጨመረው በ2015 ነው።