ከጎንደር ተነሥቶ ጨረቃ የደረሰ ውሸት



ሰሞኑን በጎንደር ፒያሣ በአንድ ቡና ቤት ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ስንጨዋወት፥ ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ያገኘውን ማስታወቂያ አነበበልን። ማስታወቂያው በጨረቃ ላይ መሬት በርካሽ ዋጋ እንደሚሸጥና ለገዢው የባለቤትነት ወረቀት እንደሚላክለት የሚገልጥ ነበር። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የሆነው ወዳጃችን ስኒውን አስቀምጦ፥ «ለመሆኑ ካርታው ማኅተም አለበትን?» ብሎ ቢጠይቅ ሁላችንም ሣቅን።

ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን እንዲህ ያለው የሰማይ ንግድ ከየት እንደ መጣ ብመረምር፥ የዘር ሐረጉ አንዱ ቅርንጫፍ እኛ ከተቀመጥንበት ወንበር ጥቂት ርምጃ ርቆ ወደሚገኘው የፋሲል ግቢ የሚያደርስ ሆኖ አገኘሁት። ታሪኩም እንደሚከተለው ነው።

በ1762 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770፥ ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በምጽዋ በኩል አድርጎ ጎንደር ገባ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጊዜው ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን፥ ራስ ሚካኤል ስሑል በሥልጣን ላይ የነበሩበት ነው። ብሩስ ጥቂት ሕክምና ያውቅ ስለ ነበር፥ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት በፈንጣጣ የታመሙትን ልጆች አስታመመ፤ በዚህም ምክንያት በመኳንንቱ ዘንድ ሞገስን አገኘ። በዚያው በ1770 መጨረሻ ግሽ ዓባይን አይቶ ተመለሰ፤ በ1771 መጨረሻም ከጎንደር ተሰናብቶ ወደ አገሩ ጉዞውን ቀጠለ።

በ1774 ሎንዶን ገብቶ ያየውን ቢናገር ግን የሚያምነው አጣ። የጎንደር ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ቢል ተሣቀበት። በመንገድ ላይ ሳለሁ በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ሲቈረጥ አየሁ ብሎ ሲጨምርበትማ፥ የቀረውም ወሬው ሁሉ ተረት ነው ተባለ። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ይህን ልብ ይበሉ! ዛሬ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በደመወዝ ማግሥት ቢላዋውንና አዋዜውን ይዞ በብርንዶ ፊት የሚፈጽመውን ተግባር፥ የሎንዶን ሊቃውንት ከማይታመኑ ነገሮች ጋር ቈጠሩት። ስመ ጥሩው ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን፥ ሎቦ የተባለው ኢየሱሳዊ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን መጽሐፍ በ1735 ተርጉሞ አሳትሞ ነበርና፥ አገሩን ሳያይ አገሩን ዐወቅሁ ባይ ሆኖ ብሩስን ከተጠራጠሩት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ብሩስን ያሳዘነው ቀልዱ ነው። በአንድ ግብዣ ላይ «በኢትዮጵያ የዜማ መሣሪያ አለን?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ክራር የመሰለ መሣሪያ አንድ ማየቱን ተናገረ ይባላል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በእንግሊዝኛ «ላየር» ነው፤ ውሸታምም እንዲሁ «ላየር» ይባላል። በአጠገቡ የነበረው ጆርጅ ሰልዊን የተባለ ቀልደኛም፥ እርሱ ከዚያ አገር ከወጣ ወዲህ ቍጥሩ በአንድ ጐድሏል ብሎ ለጎረቤቱ በጆሮው ሹክ አለው ይባላል። ሰምና ወርቅ በጎንደር ብቻ የሚነገር የሚመስለን ካለን፥ በዚህ እንታረም።

ብሩስ ተቀይሞ ብዙ ዓመት ዝም ካለ በኋላ፥ በ1790 የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ግን የቀልድ መጽሐፍ ቀድሞት ነበር። ሩዶልፍ ኤሪክ ራስፔ የተባለ ጀርመናዊ፥ በካሰል ከተማ የመስፍኑን የከበሩ ዕቃዎች እንዲጠብቅ ቢሾም፥ የሚጠብቀውን እየሰረቀ ሸጦ በ1775 ወደ እንግሊዝ አገር ኰበለለ። ይኸው ሰው በ1785 ስሙን ሰውሮ ባሮን ሙንካውዝን ስለሚባል ታላቅ ውሸታም መጽሐፍ አወጣ። ባሮኑ የብር መጥረቢያው ከእጁ አምልጦ ጨረቃ ላይ ቢወድቅበት፥ ፈጥኖ የሚያድግ ባቄላ ተክሎ በሐረጉ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ሐረጉ ቢደርቅበት ደግሞ ከገለባ ገመድ ገምዶ፥ ከላይ እየቈረጠ ከታች እየቀጠለ ወደ ምድር ይወርዳል! በ1792 የዚህ መጽሐፍ ተከታይ ሲወጣ፥ በማላገጥ የተበረከተው ለማን ይመስልዎታል? ለጄምስ ብሩስ ነው። እንዲህ ሆኖ በጎንደር የኖረው መንገደኛ ገለባ ገምዶ ከጨረቃ ከወረደው ባሮን ጋር በአንድ ገጽ ላይ ተቈጠረ።

የጨረቃው ውሸት ግን በዚህ አላበቃም። በ1835 በኒውዮርክ የሚታተም «ሰን» የተባለ ጋዜጣ፥ ሰር ጆን ኸርሸል በደቡብ አፍሪካ ባቆመው ታላቅ መነጽር በጨረቃ ላይ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያላቸው ሰዎችን አየ ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሰውም አመነ። በ1915 ደግሞ ሁጎ ገርንስባክ በመጽሔቱ ባሮን ሙንካውዝንን ከመቃብር አስነሥቶ ወደ ጨረቃና ወደ ማርስ ላከው። ባሮኑ ወሬውን ወደ ምድር የሚያስተላልፈው በምን መሰላችሁ? በራዲዮ! እኔም የራዲዮ ሠራተኛ ነኝና፥ ይህን ሳነብ ስለ ሞያዬ ጥቂት ዐፈርሁ። ገርንስባክ በ1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን የሣይንስ ልብ ወለድ መጽሔት መሠረተ፤ ስለ ሩቅ ከዋክብት ለሚጽፉለት ደራስያን ግን ዋጋቸውን ባለመክፈል የታወቀ ነበር። በ1950 ሮበርት ሃይንላይን ባሳተመው «ጨረቃን የሸጠው ሰው» በተባለው ድርሰት ውስጥ ደግሞ አንድ ነጋዴ፥ ተፎካካሪያችሁ ስሙን በጨረቃ ፊት ላይ ሊጽፍ ነው እያለ አንድ የለስላሳ መጠጥ ኩባንያን በማስፈራራት ለጉዞው ገንዘብ ይሰበስባል። ማንም መንግሥት ጨረቃን የራሱ ግዛት እንዳያደርግ የሚከለክለው ውል በ1967 ተፈርሟል፤ ነገር ግን በፒያሣ የተነበበልን ማስታወቂያ የሚያስረዳን ሻጮቹ ውሉን ትተው ልብ ወለዱን ማንበባቸውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው? ብሩስ በእውነት ያልዋሸ ሰው አልነበረም። የዓባይን ምንጭ በመጀመሪያ ያየሁ አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ፤ ይሁን እንጂ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ነበር። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሠዓሊም እስከ ምንጩ አብሮት ተጉዞ በ1771 በጎንደር ሲሞት፥ ብሩስ በመጽሐፉ ውስጥ ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ አሳለፈው። ሎንዶን በብርንዶው ስትሥቅ ስለ ባሉጋኒ ብዙ ዘመን የጠየቀ አልነበረም። ሰዎቹ እውነትን የመዘኑት በገዛ ማዕዳቸው ሚዛን ነበር፤ ከማዕዳቸው የራቀውን ውሸት አሉት፥ ለማዕዳቸው የተስማማውን ሳይመረምሩ ዋጡት።

ምስክር ግን አልጠፋም ነበር። ብሩስ ከኢትዮጵያ ይዞ ከሄዳቸው መጻሕፍት አንዱ የግዕዙ መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ይህም ስለ ሰማያት፥ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ አካሄድ የሚናገር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ሕዝቡ በባሮኑ የጨረቃ ጉዞ ሲዝናና፥ ይህ መጽሐፍ በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ አንባቢ ይጠብቅ ነበር። ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ያሳተመው በ1821 ነው። ብሩስ ግን ይህን አላየም፤ ከዓባይ ምንጭ በደኅና የተመለሰው ሰው በ1794 ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞቶ ነበር። ራስፔም የሞተው በዚያው ዓመት ነው።

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይላሉ አባቶቻችን። በጨረቃ ላይ ማናቸውም ነገር የሚመዝነው በምድር ከሚመዝነው አንድ ስድስተኛውን ብቻ ስለ ሆነ፥ ውሸት ወደዚያ መሄድ መውደዱ አያስደንቅም! እኛ ግን በየቀኑ ማመልከቻና ሪፖርት የምንቀበል ሰዎች ነን። እንግዳ ነገር ስለ ሆነ ብቻ የባለ ጉዳዩን ቃል አንጣል፤ ወረቀቱ ስላማረ ብቻም አንፈርምበት፤ ምስክሩ የት ነው ብለን እንጠይቅ።

የማዘጋጃ ቤቱ ወዳጃችን ማስታወቂያውን በኋላ ራሱ ተቀብሎ ተመለከተው። ማኅተምስ ነበረበት፤ እንዲያውም ሁለት። የጎደለው፥ ሻጩ መሬቱን ከማን እንዳገኘው የሚያስረዳ አንድ መስመር ብቻ ነበር።