የደረት አበባው ታሪክ፦ ጫካውን ማን አራቆተ? ማንስ አተረፈ?

ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አንዲት አሜሪካዊት እናት በእናቶች ቀን፣ አንዲት ተማሪም በትምህርት ቤቷ የጭፈራ ምሽት ደረቷ ላይ የምትሰካው አበባ የታወቀ ነበር። መዳፍ የሚያክል፣ ሐምራዊ፣ ጠርዙ የተሸበሸበ ኦርኪድ ነው። ስሙ ካትሊያ ይባላል። አሜሪካኖች ደረት ላይ የሚሰካን አበባ «ኮርሳጅ» ስለሚሉት «የኮርሳጅ ኦርኪድ» የሚል ስምም ወጣለት። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ግን ይህ አበባ የመሳፍንትና የከበርቴዎች መኩሪያ እንጂ የተራ ሰው ጌጥ አልነበረም። ከጌቶች ቤት ወደ ተራ ሰው ደረት እንዴት እንደወረደ ሲመረመር ከአበባ ወሬ ያለፈ ጉዳይ ይገኛል። ሀብቱ የማን ነው? የሚጠቀምበትስ ማን ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ከፐርናምቡኮ ነው። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዊሊያም ስዌንሰን በ1810ዎቹ መጨረሻ ከዚያ አካባቢ የሰበሰባቸውን ዕፅዋት ወደ አገሩ ላከ። ጥቂቶቹ በለንደን አቅራቢያ በባርኔት ይኖር በነበረው ነጋዴ በዊሊያም ካትሊ እጅ ገቡ፤ በመስታወት ቤቱ ውስጥም አበቡ። የዕፅዋት ሊቁ ጆን ሊንድሊ በ1821 አበባውን በካትሊ ስም ሰየመው። ተክሉ ለሌላ ዕቃ መጠቅለያ ሆኖ እንደ ገለባ ተጣጥፎ መጣ የሚባል ታሪክ እስከ ዛሬ ይወራል። ጉዳዩን የመረመሩት ግን ተረት ነው ይላሉ።

አበባው ሲታይ አውሮፓ አበደች። ሆኖም ተክሉ በትክክል ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ታጣ። ፈላጊዎች በሪዮ ዴ ጃኔሮ ተራሮች ላይ ዘመዱን አይተው «እሱ ነው» ብለው ተሳሳቱ። እውነተኛው መገኛ እንደገና የታወቀው ከ70 ዓመት ግድም በኋላ ነው። በዚህ መሀል በሪዮ ዙሪያ የነበረው ደን ለቡና እርሻ ይመነጠር ነበር። ቡና መነሻው ኢትዮጵያ ነው፤ ብራዚል የገባውም በ1720ዎቹ ነው። እንግዲህ ብራዚል በአንድ በኩል ኦርኪዷን ለአውሮፓ እያስረከበች፣ በሌላ በኩል ከሌላ አገር በመጣ ተክል ትበለጽግ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ዘረፋ ነው። ከኮሎምቢያ፣ ከቬኔዙዌላና ከብራዚል ኦርኪድ በመርከብ እየተጫነ ለንደን ደረሰ፤ በጨረታም ተቸበቸበ። «የኦርኪድ ንጉሥ» የተባለው ፍሬድሪክ ሳንደር በእንግሊዝ ሴንት ኦልባንስ ከተማ ሆኖ ከ20 በላይ ሰብሳቢዎችን በዓለም ዙሪያ አሰማርቶ ነበር። ኦርኪዱ የሚኖረው ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ነውና ሰብሳቢዎቹ ለመውጣት አልደከሙም፤ ዛፉን ራሱን ጣሉት። አልበርት ሚሊካን የተባለው ሰብሳቢ በ1891 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ የኦርኪድ ዓይነት ፍለጋ ኮሎምቢያ ውስጥ ያደረገውን ጽፏል። 10,000 ያህል ተክል ለማግኘት 4,000 ያህል ዛፍ አስቆርጧል።

የተረፈው ተክል ዕጣም የተሻለ አልነበረም። ብዙው ባሕር ላይ በሰበሰ። እንግሊዝ የደረሰውንም ባለቤቶቹ ራሳቸው ገደሉት። «ሞቃት አገር» ሲባል እንፋሎት የሞላበት ምድጃ መሰላቸውና አየር በማይገባበት፣ ሌት ተቀን በሚጋል የመስታወት ቤት ዘጉበት። እንደ ጆሴፍ ፓክስተን ያሉ አትክልተኞች ከ1830ዎቹ ጀምሮ አየር ማስገባትንና ሙቀት መመጠንን እስኪለምዱ ድረስ የሞተው ቁጥር ስፍር የለውም። በሞተው ምትክ ደግሞ ሌላ ዛፍ ይወድቃል።

ዘሩን ዘርተው ለምን አላበዙትም? አልቻሉም። አንድ የካትሊያ ፍሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይይዛል፤ ዘሩ ግን እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፣ ስንቅ የለውም። ባቄላ ወይም ስንዴ ቡቃያው ራሱን እስኪችል የሚመገበው ምግብ በዘሩ ውስጥ ተሰንቆለታል። ለኦርኪድ ይህ አልተሰጠውም። ምሥጢሩን በ1899 የገለጠው ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር ነው። የኦርኪድ ዘር በተፈጥሮ የሚበቅለው አንድ ዓይነት ፈንገስ ሲገባበትና ሲመግበው መሆኑን አየ። ከዚያም በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ክናድሰን አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። ፈንገሱ የሚያቀርበው ምግብ ስኳር ከሆነ፣ ለምን ስኳሩን በቀጥታ አንሰጠውም? ከባሕር ተክል በሚሠራው አጋር በተባለ ጄሊ ላይ ማዕድንና ስኳር ቀላቅሎ፣ ጀርም በሌለበት ጠርሙስ ዘሩን ዘራ። ዘሩም በቀለ። ውጤቱን በ1922 በይፋ አሳተመ።

የካትሊያን ታሪክ የለወጠው ይህ ጠርሙስ ነው። አንድ ፍሬ በሺዎች የሚቆጠር ችግኝ ሰጠ። ችግኙ እስኪያብብ 5 ወይም 7 ዓመት ይፈጃል፤ ቢሆንም ጫካ መውረድ አያስፈልግም። የኮሎምቢያው ካትሊያ ትሪያኔ በገና ሰሞን ያብባል፣ የቬኔዙዌላው ካትሊያ ሞሲያ በፋሲካ ሰሞን፣ የብራዚሉ ላቢያታ በበልጋቸው። እነዚህን እያዳቀሉ አሜሪካውያን አምራቾች ዓመቱን ሙሉ ለገበያ አበባ አቀረቡ። የኮርሳጁ ዘመን የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ውርጭ በማያውቃቸው ቦታዎች፣ በደቡብ ፍሎሪዳና በሃዋይ፣ ካትሊያ ከመስታወት ቤት ወጥቶ ግቢ ገባ። አያያዙ የቀድሞዎቹ ከበርቴዎች ከገመቱት ይቀላል። ካትሊያ ዛፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ ዛፉን አይበላም። ሥሩ እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚመጥ ልባስ አለው፤ ያበጠው ግንዱም ውኃ ያከማቻል። አፈር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። አትክልተኛው ቅርፊቱ ሸካራ የሆነ ዛፍ ይመርጣል፣ አዲስ ሥር ሲያቆጠቁጥ ተክሉን በገመድ ያስረዋል፤ ሥሩ ቅርፊቱን ሲጨብጥ ገመዱ ይፈታል። በቅጠል የተጣራ ፀሐይ፣ የሚንቀሳቀስ አየር፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ደግሞ የመድረቂያ ጊዜ ይፈልጋል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ባይወርድ ይመረጣል፤ ውርጭ ግን ይገድለዋል። ፍሎሪዳ የራሷን የዱር ኦርኪዶች አስቀድማ አራቁታ ነበር። ዛሬ በማያሚ አቅራቢያ ያለው ፌርቻይልድ የዕፅዋት ማዕከል እነዚያኑ ከዘር በጠርሙስ እያበቀለ፣ ተማሪዎችን እያሳተፈ፣ በመንገድ ዳር ዛፎች ላይ ይመልሳቸዋል።

በዚህ ሁሉ ያተረፈው ማን ነው? ኮሎምቢያ ካትሊያ ትሪያኔን፣ ቬኔዙዌላም ሞሲያን ብሔራዊ አበባ አድርገዋል። ትሪያኔ ግን በተፈጥሮ መኖሪያው ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዱ ነው። ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይቲስ፣ የኦርኪድን ንግድ ይቆጣጠራል፤ የደረሰው ግን ብዙው ከተቆረጠ በኋላ ነው። የኮርሳጁ ገንዘብ የሄደው ጫካው ወደነበራቸው ሳይሆን ዘሩን ማብቀልና ማዳቀል ወደቻሉት ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። አገሪቱ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ጽጌረዳ ወደ ውጭ ትልካለች። መሬቱ፣ ውኃውና ጉልበቱ የራሷ ነው። አብዛኛው የጽጌረዳ ዝርያ ግን የውጭ አዳቃዮች ንብረት ስለሆነ አምራቹ የባለቤትነት ክፍያ ይከፍላል። በደቡብ ምዕራብ የቡና ደኖች ዛፎች ላይ ደግሞ አገር በቀል ኦርኪዶች፣ ኤራንጊስና ፖሊስታኪያ የሚባሉት ጭምር፣ ይበቅላሉ። ቡናው ሲጸዳ ብዙ ጊዜ እንደ አረም ተልጠው ይጣላሉ። በምርምር ተቋም መደርደሪያ ላይ በጠርሙስ የሚበቅሉበት ቀን ካልመጣ፣ አንድ ቀን ከሌላ አገር በዋጋ የሚገዙበት ቀን ይመጣል።

ይህ ቅዠት እንዳልሆነ የብራዚል ሁለት ገጽ ያሳያል። ብራዚል በኦርኪዱ ተበዘበዘች፤ በቡናው ደግሞ ከባለ መነሻዋ ኢትዮጵያ ልቃ የዓለም አንደኛ አምራች ሆነች። በሁለቱም ጊዜ ዋጋውን የወሰነው ተክሉ የበቀለበት ቦታ ሳይሆን ያጠናው፣ ያባዛውና ገበያ ያወጣው ሰው ነው። የክናድሰን ግኝት ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የቆየ ነው። የሚጠይቀው ስኳር፣ አጋር፣ ንጹሕ ጠርሙስና 7 ዓመት የሚታገሥ ተቋም ነው። ከእነዚህ ውስጥ በአገራችን እስካሁን ብርቅ የሆነው የመጨረሻው ነው።