የምግብ ትእዛዝ ታሪክ፦ ከእቴጌ ሆቴል እስከ ሙኑኪ

በደቡብ ሱዳን መዲና በጁባ በሚገኙት የሙኑኪ ምግብ ቤቶች ትእዛዝ የሚሰጠው በአብዛኛው በአፍ ነው። ደንበኛው ይቀመጣል፤ አስተናጋጇ ያለውንና ያለቀውን በቃሏ ትዘረዝርለታለች፤ ሂሳቡም በብዛት በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። በሌላው ዓለም ግን ፈጣን ምግብ ቤቶች ይህን ሥራ በጣት ለሚነካ ስክሪን ከሰጡ ዓመታት ተቆጥረዋል። ደንበኞች መሣሪያውን የተቀበሉበትም ሆነ የሸሹበት ምክንያት የሚታየው፣ ትእዛዝ በየቦታው እንዴት ይሰጥ እንደነበር ሲታወቅ ነው።

ሙኑኪ፣ ከጁባና ከካቶር ጋር፣ የጁባ ከተማ ከተዋቀረባቸው ሦስት ፓያሞች (የአስተዳደር ክፍሎች) አንዷ ናት። ከእ.ኤ.አ. 1983 እስከ 2005 በዘለቀው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ጁባ በካርቱም ጦር እጅ የነበረች፣ ዙሪያዋን የተከበበች ከተማ ነበረች፤ በእነዚያ ዓመታት የምግብ ቤት ንግድ የሚስፋፋበት ዕድል ጠባብ ነበር። የሰላም ስምምነቱ ጥር 9 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ሲፈረም የእርዳታ ሠራተኞች፣ ተቋራጮችና ነጋዴዎች ወደ ከተማዋ ጎረፉ። የሚያድሩበትንና የሚበሉበትን ቤት ከከፈቱት መካከል ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ኡጋንዳውያንና ኬንያውያን ይገኙበታል። ጥብስና ሽሮ፣ በያይነቱና ቡና በጁባ የተለመዱት በዚህ መንገድ ነው። ኢትዮጵያውያኑ ከምግቡ ጋር የመስተንግዶውንም ልማድ ይዘው ሄዱ።

ያ ልማድ ራሱ ዕድሜው ረጅም አይደለም። በኢትዮጵያ ለእንግዳ ምግብ መስጠት ግዴታ እንጂ ንግድ አልነበረም፤ ምግብ መሸጥም ሆነ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይታይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ በ1898 ዓ.ም. ግድም ሆቴል ባሠሩ ጊዜ ገበያው ቀዝቃዛ እንደነበር፣ አፄ ምኒልክም ሕዝቡን ለማላመድ መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ በልተው ይከፍሉ እንደነበር ይተረካል። ሰው የራቀው ምግቡን ጠልቶ አልነበረም። እንግድነት በገንዘብ ሲለወጥ ክብሩ የሚቀርበት መስሎት ነበር። ስለዚህ ምግብ ቤቱ ተቀባይነት ያገኘው የቤትን ወግ አስመስሎ ነው፦ ውኃ ለእጅ መታጠቢያ ቀረበ፣ እንግዳው በጭብጨባ አስተናጋጅ ጠራ፣ ማዕዱም በአንድ ትሪ ወጣ።

ከዚህ ወግ የተለየ አሠራር የመጣው በቡና ቤቶች ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ቶሞካ የጣልያንን ሥርዓት የተከተለ ሲሆን፣ ደንበኛው መጀመሪያ ለገንዘብ ተቀባይ ከፍሎ ቲኬት ይወስዳል፤ ቲኬቱን ለቡና አፍዪው ሰጥቶም ቆሞ ይጠጣል። ቀድሞ መክፈልና ራስን ማስተናገድ እንደ ንቀት አልተቆጠረም፤ ምክንያቱም ደንበኛው በምትኩ ፍጥነት አገኘ።

በሌላው ዓለም በመሣሪያ ምግብ መሸጥ የተጀመረው ከቶሞካ በፊት ነው። ኩዊሲሳና የተባለው ድርጅት በ1895 እ.ኤ.አ. በበርሊን ሳንቲም ሲገባበት ምግብ የሚሰጥ ቤት ከፈተ። ሆርን እና ሃርዳርት የተባሉ ሸሪኮች ሰኔ 9 ቀን 1902 በፊላደልፊያ፣ በ1912 ደግሞ በኒውዮርክ አስፋፉት። ደንበኛው ምግቡን በመስታወት ውስጥ አይቶ ይመርጣል፣ ሳንቲም ይከታል፣ በሩን ከፍቶ ያወጣል። ጉርሻ የለም፤ እንግሊዝኛ የማይችል ስደተኛም ያለ ሐፍረት ይበላል። ቤቶቹ የተወደዱት በዚህ ነበር፤ የመጨረሻው የተዘጋው በ1991 ነው።

የማክዶናልድ ወንድማማቾች ግን ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። በ1948 እ.ኤ.አ. በሳን በርናርዲኖ፣ ካሊፎርኒያ፣ ምግብ ወደ መኪና የሚያመላልሱ አስተናጋጆቻቸውን አሰናብተው ደንበኛው ራሱ መስኮት ድረስ እንዲመጣ አደረጉ። የለመዱ ደንበኞች መኪናቸው ውስጥ ሆነው ጥሩንባ እየነፉ አስተናጋጅ ጠበቁ፤ ገበያውም ወደቀ። ሆኖም የሃምበርገር ዋጋ ከ30 ወደ 15 ሳንቲም በመውረዱ ከወራት በኋላ ሠራተኞችና ባለ ብዙ ልጅ ቤተሰቦች ቦታውን ሞሉት።

የንክኪ ስክሪኖች በስፋት የገቡት በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በደንበኛ ጠባይ ላይ ያመጡትን ለውጥ ጥናቶች አመልክተዋል። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በበይነ መረብ ፒዛ የሚያዙ ሰዎች በስልክ ከሚያዙት ይልቅ ያልተለመደና ብዙ ካሎሪ ያለው ትእዛዝ እንደሚሰጡ አሳይቷል፤ በስዊድን የመጠጥ መደብሮችም ደንበኛው ራሱ ማንሳት ሲጀምር ስማቸው ለአፍ የሚከብድ መጠጦች ሽያጭ ጨምሯል። የሚታዘብ ሰው በሌለበት ደንበኛው ይደፋፈራል። መሣሪያው ሲሳሳት ግን ትዕግሥቱ አጭር ነው፤ ማክዶናልድስ ከአይ ቢ ኤም ጋር ከ100 በሚበልጡ ቅርንጫፎች የሞከረውን በድምፅ ትእዛዝ የሚቀበል ሥርዓት በ2024 አቁሟል።

ወደ ሙኑኪ ስንመለስ፣ ደንበኛው ከማዘዙ በፊት የሚጠይቀው ብዙ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ወጡ በዘይት ብቻ መሠራቱን፣ ሙስሊሙ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ማረጋገጥ ይፈልጋል፤ ለዚህ የሚታመነው የሰው ቃል ነው። የከተማዋ መግባቢያ የጁባ ዓረብኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋ ቢሆንም ሁሉም አያነበውም፣ አማርኛና ትግርኛም በየጠረጴዛው ይሰማሉ። አስተናጋጇ እነዚህን ሁሉ ትቀያይራለች።

ኢኮኖሚውም ለአፍ ትእዛዝ አደላ። ደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. የፓውንዱን ቋሚ ምንዛሪ ስትተው አንድ ዶላር ከ3 ፓውንድ በታች ከነበረበት ወደ 18 ያህል ዘለለ፤ በጥቅምት 2016 ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ ከ800 በመቶ አለፈ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የታተመ ዋጋ ዝርዝር ቶሎ ያረጃል፤ በቃል የሚነገር ዋጋ ግን ከገበያው ጋር ይሄዳል። መብራት ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው በጄኔሬተር ነበር፤ አዲሱ የጁባ የኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ2019 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው ኤም-ጉሩሽ የተባለ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ግን ለወደፊቱ ስክሪን መንገድ የሚከፍት ነው፤ በኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ምግብ ቤት ውስጥ በስልክ መክፈልን አላምዷል።

ከእቴጌ ሆቴል እስከ ካሊፎርኒያ ደንበኞች አዲስ የማዘዣ መንገድን መጀመሪያ የጠሉት መስተንግዶ የሚቀንስባቸው ሲመስላቸው ነው። የተቀበሉትም ፍጥነት፣ ርካሽ ዋጋ ወይም ከትዝብት ነጻነት ሲያገኙበት ነው። በሙኑኪ ምግብ ቤቶች ስክሪን የሚያተርፈው በደንበኛው ቋንቋ ሲናገር፣ የዕለቱን ዋጋ ሲያውቅና ስለ ጾሙም ስለ እርዱም የሚታመን መልስ ሲሰጥ ብቻ ነው።