ከብዕር እስከ ምህዋር

የቴክኖሎጂ ታሪክ በሚወሳበት ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው መሣሪያውን የሠራው መሐንዲስ ነው። ገና ያልተሠራውን መሣሪያ ጠባይና ጠቀሜታ አስቀድሞ በጽሑፍ ያብራራው ደራሲ ድርሻ ግን እምብዛም አይመዘንም። የእንግሊዛዊው ደራሲ የአርተር ክላርክ ሕይወትና ሥራ የዚህን ድርሻ ስፋትም ወሰንም ያሳያል።

ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1917 በሶመርሴት ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ አውሮፕላኖችን በራዳር እየመራ በሚያሳርፈው ክፍል አገልግሏል። በኦክቶበር 1945 «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ፍሬ ሐሳብ የሚከተለው ነበር፦ ከምድር እምብርት 42,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከምድር ወገብ በላይ የሚዞር አካል ከምድር እኩል ስለሚዞር፣ ከታች ለሚያየው ባንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ ስለሆነም ሦስት ጣቢያዎች በዚህ ምህዋር ቢቀመጡ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሞገድ መላውን ዓለም ለማለት ይቻላል ያዳርሳል።

ምህዋሩን ከክላርክ በፊት ያሰቡ ነበሩ። እርሱም ጣቢያዎቹ ሠራተኞች የሚኖሩባቸው እንደሚሆኑ ገምቶ ነበር። ሃሮልድ ሮዘንና ባልደረቦቹ ግን ሰው የማይሳፈርባት አነስተኛ ሳተላይት ሠሩ፤ ሲንኮም 3 እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮን ኦሊምፒክ ምስል ውቅያኖስ አሻግራ አስተላለፈች።

ክላርክ ከ1956 ጀምሮ በ2008 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ኑሮውን በስሪላንካ አደረገ። ባሕር ጠልቆ መዋኘትን፣ በቴሌስኮፕ ሰማይን መመልከትንና የጠረጴዛ ቴኒስን ከጽሕፈት ሥራው ጋር አጣምሮ ይዟል። በ1983 ከኮሎምቦ ሆኖ በአሜሪካ ከሚገኘው የፊልም ዳይሬክተር ከፒተር ሃያምስ ጋር በስልክ መስመር በተገናኙ ኮምፒዩተሮች ይጻጻፍ ነበር። ስለ ርቀት መወገድ የጻፈውን በራሱ የዕለት ሥራ ፈተነው ማለት ነው።

ከሐሳቦቹ ሁሉ ክብደት ያለው ግን ሳተላይት ይበልጥ የሚጠቅመው መንገድና የስልክ ሽቦ ላልደረሰው ገጠር ነው የሚለው ነበር። ይህም በሕንድ ተሞከረ። ከኦገስት 1975 እስከ ጁላይ 1976 ድረስ 2,400 ያህል መንደሮች ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ትምህርት የተዘጋጁ የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን ከሳተላይት በቀጥታ ተቀበሉ። የሕንድ መሐንዲሶችም በክላርክ ቤት አንድ መቀበያ ተከሉለት።

ሳተላይቷ ግን ከአሜሪካ በውሰት የተገኘች ነበረች፤ ዓመቱ ሲፈጸም ከሕንድ ሰማይ ተነሣች፤ ቀጥታ ሥርጭቱም አብሮ ተቋረጠ። ሕንድ የራሷን አገልግሎት ያገኘችው በ1982 የተላከችው ኢንሳት 1ኤ ከከሸፈች በኋላ፣ በ1983 በተተካችው ኢንሳት 1ቢ ነው።

ክላርክ ሐሳቡን በመጽሔት ገጽ ላይ ለማንም አንባቢ ክፍት አድርጎ አቅርቦታል። መሣሪያው ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሲያነሣውም ገበሬው ፊት የቀረው ባዶ መስተዋት ነበር። ደራሲው መንገዱን አሳየ፤ በመንገዱ ላይ የራስን መሣሪያ ማቆም የባለ ጉዳዩ ሕዝብና የመሐንዲሶቹ ሥራ ሆኖ ቆየ።