የቃኘው ዝምታ ከየት ጀመረ?

ከስድስት ኪሎ ወደ ጉለሌ ሲታለፍ፣ አፍንጮ በር ላይ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። በታክሲ የሚያልፈው ሁሉ ያየዋል፤ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። ዘንድሮ ሚያዝያ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት 75ኛ ዓመት ነው።

የዘመቻው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ወታደሮች ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥተው ሚያዝያ ሳያልቅ ፑሳን ደረሱ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፉ። ሻለቃው የተጠራበት ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በየተራው ከ6 ሺሕ በላይ ዘመቱ፣ ከ120 በላይ ወደቁ። የወደቁትም አፅም ሳይቀር አገሩ ገብቷል፤ ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም።

የሚያከራክረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አብዛኛው ሰው «ደርግ ነው የረሳቸው» ይላል። እውነት አለው፤ ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተወዳጀ መንግሥት ደቡቡን ያዳነ ወታደር በአደባባይ አያሞግስም። እኔ ግን ዝምታው ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጀመረ ከሚሉት ጋር ነኝ። መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከረው የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበር። ሙከራው ሲከሽፍ ክብር ዘበኛው ትጥቁን ፈታ፣ ተበተነም። የቃኘው ዘማች ደግሞ ያው የክብር ዘበኛ ሰው ነው፤ ትናንት በሰልፍ የተቀበሉትን ሰው ዛሬ በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1960 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ሄደው የዘማቾቹን ሐውልት መርቀዋል፤ ይህም ቢሆን ክብሩ ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚያ ይጎላ እንደነበር ያሳያል።

ከተኳሾቹ ውጪ ስላሉት ደግሞ የሚጻፈው እጅግ ያንሳል። አብረው የዘመቱ ነርሶች ነበሩ። ዶንግዱቾን ውስጥ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ለጦርነቱ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ኮሪያውያን ይህን እስከ ዛሬ ያነሡታል፤ እኛ ስለ ምሽጉና ስለ ኮረብታው ስናወራ ልጆቹንም ነርሶቹንም እንዘላቸዋለን።

ከዘማቾቹ በሕይወት ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እናታቸው ወይም አያታቸው በነርስነት የዘመቱ ቤተሰቦች ፎቶግራፍና ወረቀት ካላቸው፣ ሳይጠፋ ለኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ቅጂውን ይስጡ።